ለጽሕፈት ሥራዬ የኮምፒውተር ስክሪን ስመርጥ የተማርሁት

በጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ዘመን በቀረ ሕንፃ ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ የጽሕፈትና የገጽ ቅንብር ሥራ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሠሩ ተማሪዎች፣ አቤቱታ የሚያስጽፉ ባለጉዳዮች፣ ከሁሉም በላይ ግን በእጃቸው የጻፉትን የግእዝና የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚያስጽፉ የአብነት መምህራን ናቸው። የስክሪንን መጠን የሚወስነው የሚሠራበት ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ሁለት ጊዜ ከተሳሳትሁ በኋላ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥራዬ መጀመር ግድ ሆኖብኛል።

ለ11 ዓመት ያገለገለኝ ስክሪን ባለ 19 ኢንች፣ ቅርጹም ወደ ካሬ የሚጠጋ ነበር። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እርሱም ሲፒዩውም ተከታትለው ሲበላሹ አዲስ ዴስክቶፕ ለመግዛት ወሰንሁ። ስለ ሲፒዩው ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ስለ ስክሪኑ ግን ማንንም አላማከርሁም። ሻጩ «22 ኢንች አለ፣ ከበፊቱ ይበልጣል» ሲለኝ አምኜ ገዛሁ። ቤት ወስጄ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ስከፍት፣ በአሮጌው ስክሪን ላይ እስከ ግርጌው ድረስ ይታየኝ የነበረው ገጽ ከግርጌ ማስታወሻው በላይ ተቆርጦ ቀረ። ቁጥሩ ጨምሮ ገጹ እንዴት ሊያንስ እንደቻለ ግራ ስለገባኝ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥቼ ሁለቱንም ለካሁ።

የስክሪን ኢንች የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ወርዱም ሆነ ስለ ቁመቱ ምንም አይነግረንም። አሮጌው ባለ 19 ኢንች፣ ወርዱና ቁመቱ 5 ለ4 ስለነበር፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ነበር። አዲሱ፣ ሻጮች አጠጋግተው 22 ይበሉት እንጂ በትክክል 21.5 ኢንች ሲሆን፣ ቅርጹ 16 ለ9 በመሆኑ ወደ ጎን ሰፍቶ ቁመቱ ግን 26.8 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ፊልም ለሚመለከት ሰው ይህ ቅርጽ የተመቸ ነው፤ ወረቀት ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ከሦስት ሴንቲሜትር በላይ ቁመት ማጣት ማለት ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ አሮጌውን ስክሪን በቁመት የሚያክል ሰፊ ስክሪን ለማግኘት 24 ኢንች መግዛት ይገባኝ ነበር፤ የ24 ኢንች ሰፊ ስክሪን ቁመት 29.9 ሴንቲሜትር ነውና። ያን ቀን ይህን ማወቄ ብዙ ነገር አስተካክሎልኛል፤ ከዚያ በኋላ ኢንቹን ሲነግሩኝ በልቤ ወደ ወርድና ቁመት ሳልመልስ አልሰማሁም። ለሰፊ ስክሪን ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኢንቹን በ2.2 ብናባዛ ወርዱን፣ በ1.25 ብናባዛ ቁመቱን በሴንቲሜትር እናገኛለን።

ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነበር። ወንድሜ ችግሬን ሰምቶ «እኔ ቤት ያለውን ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ለምን አትሞክሪውም?» አለኝ፤ እኔም ተቀብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምሁት። ገጹ በእርግጥ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ ፊደሉ ግን እንደ ጥልፍ ስፌት ነጥብ ነጥብ ሆኖ ታየኝ። ከዚህም ሌላ የምስሉ ዳርቻ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጭ እየቀረ የታችኛው መስመር ይሰወርብኝ ነበር፤ ይህንን እንኳ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ አስተካከልሁት። ያልተስተካከለው ቀዩ ቀለም ነው። በአባቶች ልማድ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ስለሚጻፍ፣ የመምህራኑ ሥራ ቀይ ፊደል የበዛበት ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ምስል የተሠሩ በመሆናቸው የብርሃንን ዝርዝር ጠብቀው የቀለምን ዝርዝር ይቀንሳሉ። ጥቁሩ ፊደል ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ ብቻ ውኃ እንደነካው ቀለም ይፈስስብኝ የነበረው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን የኔታ፣ የእጅ ጽሑፋቸውን ሊያርሙ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ሳለ፣ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረው «ልጄ፣ ይህ ‹ጸ› ነው ወይስ ‹ጰ›?» አሉኝ። ራሴ የጻፍሁትን ፊደል መለየት አቅቶኝ አፍጥጬ ቀረሁ። በጽሑፋቸው ላይ የአንድ ፊደል ስህተት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው ስለማውቅ አፈርሁ፤ በማግሥቱም ቴሌቪዥኑን ለወንድሜ መልሼ ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ተነሣሁ።

ያጠናሁት ነገር ዋናው የሚከተለው ነው። ስክሪን ፊደልን የሚስለው በጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም በፒክሰል ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን ለአንዲት ፊደል ስንት ነጥብ ይደርሳታል የሚለው ጭምር ነው። በ12 ፖይንት የተጻፈ ጽሑፍ፣ በወረቀት ላይ በሚወጣበት ልክ ስናየው፣ የአንድ መስመር ፊደል የሚያርፍበት ቦታ 4.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። የወንድሜ ቴሌቪዥን 1366 በ768 ነጥብ ስለነበረው፣ የአንዱ ነጥብ ስፋት ከግማሽ ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ለፊደሉ ቁመት የሚደርሰው 8 ነጥብ ብቻ ነበር። 1920 በ1080 ያለው 24 ኢንች 15 ነጥብ ይሰጣል። ያው 1920 በ1080 በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ 13 ተኩል ይወርዳል፤ ስክሪኑ ተለቀ፣ ፊደሉ ግን ሻከረ ማለት ነው። 2560 በ1440 ያለው 27 ኢንች ደግሞ 18 ነጥብ ይሰጣል።

ይህ ልዩነት በላቲን ፊደል ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በእኛ ፊደል ግን «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው ከላይ ያለች አንዲት ሰረዝ ናት፤ «ጩ» እና «ጪ»ም የሚለዩት ከእግራቸው አጠገብ ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው። ሰረዟ አንድ ሙሉ ነጥብ ካላገኘች ከፊደሉ አካል ጋር ተዋህዳ ትጠፋለች። ስለዚህ በአማርኛና በግእዝ የሚጽፍ ሰው ከኢንቹ አስቀድሞ ነጥቡን መጠየቅ እንዳለበት በጥብቅ አምናለሁ፤ 27 ኢንች በ1920 በ1080 የሚሸጥለት ሰው በዋጋው ርካሽነት እንዳይታለል እመክራለሁ፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ 24ቱ ይሻለዋል።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጣሁ። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች የጠረጴዛዬ ጥልቀት 70 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የስክሪኑ እግር ደግሞ ከኋላ ቦታ ስለሚይዝ ስክሪኑ ወደ ፊት ይመጣል። ለዴስክቶፕ የሚመከረው የዓይን ርቀት ከ50 እስከ 100 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ እኔ ወደ ኋላ ብልም ከ60 ሴንቲሜትር በላይ መራቅ አልችልም። በዚህ ርቀት ምን ያህል ስፋት እንደሚመቸኝ በስሌት ከማወቅ ይልቅ በዓይኔ ማየት መረጥሁ፤ ከጎረቤት ሱቅ የዕቃ ካርቶን ለምኜ ሦስት ቁራጭ ቆረጥሁ፤ አንዱ 53 በ30፣ ሁለተኛው 60 በ34፣ ሦስተኛው 71 በ40 ሴንቲሜትር፣ ይኸውም 24፣ 27 እና 32 ኢንች ነው። በየካርቶኑ ላይ ሁለት ኤ4 ገጽ ጎን ለጎን ለጠፍሁና እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ቀን ከፊቴ አቁሜ፣ የዕለት ሥራዬን በታናሹ ስክሪን ላይ እየጨረስሁ፣ በየመካከሉ ከላይ እስከ ታች አነበብሁበት።

ካርቶኑ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማየት የማይነግረውን ነገረኝ። በሱቅ ውስጥ ሁሉም ስክሪን ትንሽ ይመስላል፤ ምክንያቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀን ስለምናየው ነው። በጠረጴዛዬ ላይ ግን 32ቱ ከግራ ገጽ ወደ ቀኝ ገጽ ስሻገር አንገቴን እንዳዞር አስገደደኝ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ትከሻዬ ዝሎ ስለነበር ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። 24ቱ ለአንገት የተስማማ ነበር፤ ሆኖም የፕሮግራሙ ዝርዝርና የታችኛው መስመር አምስት ሴንቲሜትር ያህል ስለሚወስዱ ለገጹ የሚተርፈው 25 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ሙሉ ገጽ ለማየት ወደ 84 በመቶ ማሳነስ ይጠይቃል። 27ቱ ከዚሁ ሁሉ በኋላ ከ28 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚያስቀር፣ በግራ የየኔታን የእጅ ጽሑፍ ፎቶግራፍ፣ በቀኝ የምጽፈውን ገጽ፣ ሁለቱንም ከትክክለኛ መጠናቸው ብዙ ሳላሳንስ ማየት ያስችለኛል። የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

የቀረው ጥያቄ በ27 ኢንች ላይ 2560 በ1440 ይበቃል ወይስ 4ኬ የሚባለውን፣ 3840 በ2160 ነጥብ ያለውን ልግዛ የሚል ነበር። 4ኬው ለዓይን እጅግ የጠራ ነው። ነገር ግን ነጥቦቹ በጣም ስለሚደቁ ዊንዶውስን ወደ 150 በመቶ ማሳደግ ግድ ይሆናል፤ እኔ የምሠራበት የገጽ ቅንብር ፕሮግራም ደግሞ አሮጌ በመሆኑ ይህን ማሳደግ አያውቅም፤ ዊንዶውስ ምስሉን ለጥጦ ሲያሳየው ጽሑፉ ይደበዝዛል። ለጠራ ፊደል ብዬ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ የደበዘዘ ፊደል መግዛት ይሆንብኝ ነበር። አዳዲስ ፕሮግራሞችን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ መሰናክል የለበትም።

መብራትንም አስቤአለሁ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤሴ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ሲሆን፣ በወረቀት ደረጃ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚሰጠው። ሲፒዩዬና 27 ኢንቹ ስክሪን ለጽሕፈት ሥራ በአንድነት ከ80 ዋት ስለማይበልጡ፣ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ሰዓት ያህል አገኛለሁ፤ ሥራዬን አስቀምጬ ደንበኛዬን በሰላም ለመሸኘት ይበቃል።

እኔ በጠየቅሁበት ሳምንት ፒያሳም ሆነ አራዳ በገባሁባቸው ሱቆች 2560 በ1440 ስላላገኘሁ፣ አዲስ አበባ የሚኖረውን የእህቴን ልጅ ላክሁ። በስልክ «እቴቴ፣ 27 ኢንች አግኝቻለሁ፣ ልክፈል?» ሲለኝ፣ ስክሪኑን አስበርቶ የማሳያ ማስተካከያውን ከፍቶ ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። 1920 በ1080 ነበር፤ በስክሪኑ ማሸጊያ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር የሚናገረው ስለ ኢንቹ ብቻ ስለነበር እርሱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ትክክለኛውን አገኘ። ከመክፈሉ በፊት ሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ሙሉ ጥቁር ገጽ ከፍቶ የሞተ ነጥብ እንዳለ እንዲያይ፣ ከግራና ከቀኝ ቆሞም ቀለሙ መለወጥ አለመለወጡን እንዲመለከት ነገርሁት። ይህ ሁለተኛው ለእኔ ወሳኝ ነው፤ መምህራኑ ከጎኔ ተቀምጠው ስለሚያርሙ፣ ከጎን ሲያዩት የሚገረጣው ቲኤን የሚባለው ዓይነት አይሆነኝም፤ አይፒኤስ የሚባለው ነው የሚሻለው። ስክሪኑ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ በደህና ደረሰ።

ስገጥመው ሁለት ነገር አስተካከልሁ። መጀመሪያ በቤት በነበረኝ የቪጂኤ ገመድ ሳገናኘው ምስሉ ፈዘዘ፣ ሙሉ ነጥቡንም አልሰጥ አለኝ፤ በዲስፕሌይፖርት ገመድ ስተካው ጠራ። ቀጥሎ፣ መስኮቴ ወደ ምዕራብ የሚከፈት ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የሚገባው ብርሃን በሰፊው ስክሪን ላይ ከበፊቱ የበለጠ ያንጸባርቅ ነበር፤ ጠረጴዛውን አዙሬ መስኮቱ በጎኔ እንዲሆን አደረግሁ። የስክሪኑን የላይኛ ጠርዝ ከዓይኔ ትይዩ ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ።

የኔታ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ በዚያው ወንበራቸው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁና ወደ ስክሪኑ ሳይጠጉ አራት ገጽ አረሙ። ባለ 22 ኢንቹ ለረዳቴ ሆኗል፤ እርሱ የሚጽፈው አቤቱታና ደብዳቤ ስለሆነ አላማረረም። ካርቶኖቹን ደግሞ ከጎረቤቴ ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት ተዋሰኝ፤ ጠረጴዛው 90 ሴንቲሜትር ጥልቀት አለው፣ ሥራውም ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲመልስልኝ 24ቱንና 27ቱን ትቶ፣ 71 በ40ው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎበት ነበር።