«ሐይቅ እንዴት ከከተማ በላይ ይሆናል?»

ዛሬ የ7ኛ ክፍል ልጆች የአማራ ክልልን በካርቶን ሲሠሩ አንዷ ጠየቀች። አንዱ ንብርብር 500 ሜትር ነው፤ መተማ 1ኛው፣ ጣና 3ኛው፣ ጎንደር 4ኛው፣ ራስ ደጀን 9ኛው ላይ ናቸው።

መልሱን ጣቷ አገኘው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይን ተከትሎ፣ እየታጠፈ፣ ደረጃ በደረጃ ቆላው ድረስ ወረደ። ቆላና ደጋ የሚሉትን ቃላት ልጆቹ ከቤት ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ከፍታውን መዳሰስ ግን ሌላ ነው።

ለምትሞክሩት፦ ኮላ ከበዛ ካርቶኑ ይጣመማል፤ ስስ አድርጎ ቀብቶ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ነው። አግድሙ 1 ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር፣ የካርቶኑ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፍታው 10 እጥፍ ይጋነናል። ይህን ንገሯቸው፤ አለዚያ አገሩ ሁሉ ገደል ይመስላቸዋል።