ሌባው ከበርሜሉ ጀርባ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤታችን ለቅሶ ሆነ። የሞተ ሰው የለም። ጥፋተኛው እኔ ያወጣሁት ሕግ ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለማታውቁ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1974 ወጣ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ተዋጊም አስማተኛም እየሆኑ ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ሌባው የተጨመረው በዓመቱ በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ ተራኪ እንቅልፍ የለውም። እኛ ጋ ተራኪው እኔ ነኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናቴ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ። አዎ፣ 31 ዓመቴ ነው። እንለፈው።

የእኛ ሌባ የአክስቴ ልጅ ነው። በእውኑ ዓለም ይሄ ልጅ መደበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲስቅ ጎረቤት ይሰማል። በር ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ይንጋደዳል። ጨዋታው ላይ ግን 5ኛ ሌቭል የደረሰ ሌባ ነው፣ ሲደበቅ ዳይሱ ላይ 10 ይደመርለታል። የጎብሊን፣ ማለትም ጨዋታው ላይ የምንዋጋው ትንሽዬ ጭራቅ፣ ንቃቱ ደግሞ 9 ነው፤ ከዚያ በላይ ያመጣ አይታየውም። ሒሳቡን እዩት። ባለ 20 ገጽ ዳይሱ 1 ቢወጣ እንኳ 11 ሆነ ማለት ነው። ጎብሊን ይሄን ሰውዬ እስከ ዕለተ ምጽአት አያየውም። ይወጋል፣ ይደበቃል፣ ይወጋል፣ ይደበቃል። ብረት ለብሶ እንደ ድስት የሚንኳኳው ተዋጊያችን መጨረሻ ላይ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ስለዚህ የቤት ሕግ አወጣሁ። ሌባው ከጥግ ወደ ጥግ በሄደ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፣ ድምሩ 15 ካልሞላ ይታያል። ለእኔ ለስላሳ ሕግ ነበር። 5ና ከዚያ በላይ ከወጣለት ያልፋል፣ ማለትም 80 በመቶ ዕድል አለው። ችግሩ ኮሪደሩ አምስት ጥግ ነበረው። 80 በመቶን አምስቴ ስታባዙት 33 እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ጥግ ላይ ተያዘና አንድ የወጥ ቤት ጎብሊን በጭልፋ ዘረረው። ልጁ ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሳም። እውነቱን ነው። አንዴ ይጣል፣ ያ ቁጥር እስኪታይ ድረስ ይሥራለት። እኔ አሁን የገባኝ ይሄ ነው።

ያኔ ግን ብልጥ ነበርኩ። ሁለተኛ ሕግ አመጣሁ። ገጸ ባሕርይህ ከተደበቀ አንተም ጠረጴዛው ላይ ዝም ትላለህ። ትንፍሽ ካልክ ጎብሊኖቹ ሰሙህ። ይሄ ልጅ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት አይችልም ብዬ ነበር።

ቻለ።

የባሰው ደግሞ፣ የጫካ አስማተኛችን ዱካ የሚያጠፋውን አስማት በሁሉም ላይ አደረገ። ለእያንዳንዱ 10 ይጨምራል። ድስቱ ሳይቀር ተደበቀ። በሕጉ መሠረት ሁሉም ጸጥ አሉ። ጨዋታው ድባብ ይኑረው ብዬ መብራቱን አጥፍቼ አንድ ሻማ አብርቻለሁ። የሚፈልጉትን በብጣሽ ወረቀት ይጽፉልኛል፣ እኔ ሳምቡሳ እየበላሁ አነባለሁ።

በዚህ መሀል እናቴ ፈንዲሻ ይዛ ወረደች።

ያየችውን አስቡት። ጨለማ። ሻማ። አቀርቅረው የተቀመጡ ትልልቅ ወንዶች። ቀና ብሎ ሰላም የሚላት የለም። ደረጃው ላይ ቆመች።

«ምነው ልጆች?» አለች። ዝም። «ማን ነው?»

«ምን» አላለችም። «ማን» አለች። መናገር ነበረብኝ፣ አፌ ግን በሳምቡሳ ሞልቷል። እሷ ወደ እህቷ ልጅ ዞረች።

«አንተ ንገረኝ። እናትህ ናት?»

ልጁ ሁለት ጎብሊን አንድ እርምጃ ላይ ቆመውበታል። እኔን አየኝ። ከዚያ «አይደለም» ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ያየችው ግን እንባ አንቆት ራሱን የሚነቀንቅ የእህቷን ልጅ ነው።

ፈንዲሻው ወለሉን ሞላው። «እህቴን! እኔን ያስቀድመኝ!» ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ተዋጊያችን ሊያረጋጋት ብድግ አለና፣ በዚህ ዓለም ላይ ሊባል ከሚችለው ሁሉ መርጦ ይሄን አለ፦

«ማዘር፣ ምንም የለም። ሌባው ተደብቆ እኮ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። «ሌባ? የት?»

«ከበርሜሉ ጀርባ።»

ቤዝመንታችን ውስጥ በርሜል አለ። እናቴ ጠጅ የምትጥልበት። መጥረጊያውን አንስታ፣ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ፣ እህቷንም እያለቀሰች ሌባውንም እየረገመች ወደ ጠጇ አመራች። አንዴ በርሜሉን አለችው። ድው! ሁለተኛውን ስታነሳ የአክስቴ ልጅ አልቻለም።

«እትዬ! እናቴ ደህና ናት! ሌባው እኔ ነኝ!»

በዚህ ጊዜ ሳምቡሳውን ውጬ ጨረስኩ። የመጀመሪያ ቃሌም «ተናገርክ፣ ጎብሊኖቹ ሰሙህ» የሚል ነበር። ባልለው ይሻለኝ ነበር። መጥረጊያው አቅጣጫ ቀየረ።

ብናስረዳት ብናስረዳት አላመነችንም። ድምጿን ካልሰማሁ አለች። እኛ ጋ ገና ምሽት ነው፣ ጎንደር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ተዉ ይነጋል ብንላት ማን ሊሰማን። ደወለች። አክስቴ አንዴ እንደጠራ አነሳች። እናቴ «እህቴ!» ብላ ሌላ ቃል ሳትጨምር እንባዋ ቀደማት።

ወዲያ ማዶ ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ማን ነው?» አለች አክስቴ።