ብርሃን ለታችኛው ፎቅ

ወደ ባርሴሎና የሄድሁት የአርክቴክቱን የአንቶኒ ጋውዲን ሥራዎች ለማየት ብቻ ስለነበር፣ ባሕሩንም ገበያውንም ለሌላ ጊዜ ትቼ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስዞር ሰነበትሁ። ሰውየው በፎቶግራፍ የሚታወቀው በጌጠኛነቱ ነው፤ የሚወዛወዝ ግድግዳ፣ የዘንዶ ጀርባ የመሰለ ጣሪያ፣ ቀለሙ የሚጮህ ሴራሚክ። በቦታው ቆሞ ለሚያይ ግን ከጌጡ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ጠመዝማዛ ሆኖ የተሠራው ነገር ሁሉ የሚሠራው ሥራ ያለው መሆኑ ነው።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኝ፣ ጋውዲ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1906 ነባሩን ቤት አድሶ እንደ አዲስ የሠራው ካዛ ባትዮ ነው። ጎብኚው የሚሻማው በመንገዱ በኩል ያለውን ገጽታ ፎቶ ለማንሳት ነው፤ እኔ ግን ብዙ የቆምሁት በሕንፃው መሀል ለብርሃንና ለአየር ተብሎ የተተወው ክፍተት ዘንድ፣ ደረጃው ላይ ነው። የግድግዳው ሴራሚክ ፀሐይ በምትበረታበት በላይኛው ክፍል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየፈዘዘ ሄዶ ነጭ ለመሆን ይቃረባል። መስኮቶቹ ደግሞ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፋፊ ናቸው፤ ስለዚህ ታች የሚኖረው ተከራይ የሚያገኘው ብርሃን ከላይኛው ጎረቤቱ ብዙም አያንስም። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን የምንወጣባቸው የአዲስ አበባ ፎቆች ደረጃዎች ትዝ አሉኝ። (የመግቢያው ዋጋ ኪስ ይጎዳል፤ ለዚህ ክፍተት ሲባል ግን አይቆጭም።)

ፓርክ ጉኤል የባለጸጎች መንደር ሊሆን ታስቦ፣ ገዢ በመጥፋቱ መናፈሻ ሆኖ የቀረ ቦታ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚቀመጠው የጋውዲ የሥራ ባልደረባ ጆሴፕ ማሪያ ጁጆል በስባሪ ሴራሚክ ባስጌጠው ረጅም አግዳሚ ላይ ነው። በአደባባዩ ላይ የሚዘንበው ውሃ ግን አደባባዩን በተሸከሙት ዓምዶች ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከመሬት በታች በተሠራ ማጠራቀሚያ ይከማቻል።

ሳግራዳ ፋሚሊያ የተባለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1882 የጀመረው ሌላ አርክቴክት ነው፤ ጋውዲ በማግሥቱ ዓመት ተረክቦት፣ በ1926 ትራም ገጭቶት እስኪሞት ድረስ ሠራበት። ልብሱ ያረጀ ስለነበር፣ አደጋው ሲደርስበት ለማኝ መስሏቸው ነበር ይባላል። በቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም የተሰቀለው የክር ሞዴል የአሠራሩን ምሥጢር ይገልጣል፤ ጋውዲ ለኮሎኒያ ጉኤል ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ሲያዘጋጅ፣ ክሮችን ከላይ አንጠልጥሎ የሕንፃውን ክብደት በሚወክሉ ትናንሽ ከረጢቶች ያስጎትታቸው ነበር። ክር በክብደት ተስቦ የሚይዘው ቅርጽ ሲገለበጥ፣ ድንጋይ ሳይሰነጠቅ በመጨመቅ ብቻ ሊሸከመው የሚችል ቅስት ይሆናል። የሳግራዳ ፋሚሊያ ዓምዶች ዘንበል ብለው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡት በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ በአውሮፓ የጎቲክ ካቴድራሎች ግድግዳውን ከውጭ ደግፎ የሚይዘው ግንብም እዚህ አላስፈለገም።

እ.ኤ.አ. በ1936፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ የጋውዲ የሥራ ክፍል ተቃጥሎ የጀሶ ሞዴሎቹ ተሰባበሩ፤ ተከታዮቹ ግንባታውን የቀጠሉት ስብርባሪውን እየገጣጠሙ ነው። ስለዚህም ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ምን ያህሉ የእርሱ ነው የሚለው ክርክር አልበረደም። ቀራጺው ሱቢራክስ የክርስቶስን ሕማማት በሚያሳየው የሕንፃው ፊት ላይ የቀረጻቸው ሐውልቶች፣ ለእኔ ዓይን፣ ከሌላ ሕንፃ የመጡ ይመስላሉ።

ከዚህ ይልቅ የከበደኝ የክብር ፊት ተብሎ የሚጠራው የዋናው መግቢያ ጉዳይ ነው። ከፊቱ ይሠራል የተባለው ታላቅ ደረጃ የማዮርካን መንገድ ተሻግሮ የሚወርድ በመሆኑ፣ ከማዶ ያሉት መኖሪያ ቤቶች እንዲፈርሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነዋሪዎቹም ለዓመታት ሲቃወሙ ኖረዋል። የደረጃው ደጋፊዎች የጋውዲን ሐሳብ ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ከነዋሪዎቹ ጋር ነኝ፤ የካዛ ባትዮን ታችኛ ተከራይ ብርሃን በመስኮት ስፋት ያሰላ አርክቴክት፣ ለደረጃ ሲባል ተከራይ ከቤቱ ቢወጣ ደስ ይለዋል ብሎ ማመን ያስቸግረኛል።