የአክስቴን ሰው ሰራሽ ሳር መጣፍ፦ አምስተኛው ሙከራ ክረምቱን አለፈ

ዛሬ የምጽፈው ደስ ብሎኝ ነው። ነሐሴን ሙሉ ሲዘንብበት የከረመውን መጣፊያ ትናንት ጎንበስ ብዬ ፈተሽኩት። ጠርዙ አልተላቀቀም። አክስቴ የተቃጠለው የት ጋ እንደነበር ፈልጋ አጣችው።

አክስቴ ደሴ ውስጥ ትንሽ ቡና ቤት አላት። ግቢዋ ላይ 24 ካሬ ሰው ሰራሽ ሳር ተነጥፏል። ቡና ሲፈላ ከምድጃው ፍም እየወደቀ ሦስት ቦታ አቀለጠው። ሳሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ፍም ሲነካው ይቀልጥና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ያየልን ሰው «ሙሉውን አንስታችሁ ቀይሩት» አለ። የተበላሸው ተደምሮ አንድ ካሬ አይሞላም! ያን ቀን ነው ልማረው ብዬ የተነሳሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው ላይ አዲስ ቁራጭ ገዝቼ አስገባሁ። አሮጌው ፀሐይ አደብዝዞታል፣ አዲሱ ግን ቦግ ብሎ ታየ። ስለዚህ መጣፊያውን እዚያው ግቢ ውስጥ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆርጬ ወሰድኩ፤ አዲሱን ማንም በማያየው በዚያ ቦታ ተካሁት። ቀለሙ ገጠመ። አቅጣጫው ግን ተገለበጠብኝ። የሳሩ ጸጉር ወደ አንድ በኩል ነው የሚተኛው፤ ካዞራችሁት ከበሩ ስትገቡ ጠቆር ብሎ ይታያል። አሁን ከመቁረጤ በፊት ጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት እሥላለሁ።

ብዙ ወር የፈጀብኝ ማጣበቁ ነው።

የእኛ ሳር ዳር ዳሩን በምስማር ብቻ ስለተያዘ፣ በጸጉሩ መካከል የተበተነውን አሸዋ ጠርጌ መገልበጥ እችላለሁ። ጀርባው ላይ የስፌት መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ምላጩ በዚያ ክፍተት መሄድ አለበት። ስፌቱን ከቆረጣችሁት ጸጉሩ ይረግፋል። ሲገጠምም ሁለቱ ጠርዞች ተጨናንቀው ከተገናኙ ጉብ ይላል፣ ከራቁ ደግሞ መስመር ይታያል። በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ርቀት በሌሎቹ መስመሮች መካከል ካለው ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው ዓይን የሚታለለው። ክብ አድርጎ መቁረጥን አልደግፍም፤ አራት ማዕዘን ይሁን።

ጠርዞቹን ለማያያዝ ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ላይ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ውሃ ይችላል ብዬ የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍኩ። ማስቲሹ የሳሩን ጀርባ ጥሩ አድርጎ ያዘ፣ ከከረጢቱ ላይ ግን ተገሸለጠ። ከረጢቱ የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ አይቀበልም። አሁን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው የምጠቀመው። እውነቱን ለመናገር ሸራም እርጥበት ውሎ አድሮ ያበሰብሰዋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን ጨርቅ ካገኛችሁ እሱን ግዙ።

ከረጢቱን በሸራ ቀይሬም ተላቀቀብኝ። መፍትሔውን የነገሩኝ ሰፈራችን ያሉ ጫማ ሰፊ ናቸው። ቁራጩን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ቸኩለሃል» አሉኝ። «ሸራውንም የሳሩን ጀርባም ቀባ፣ ተወው። ጣትህን ስታስነካው መያዙን ሲተው ነው የሚገጠመው።» እኔ እርጥቡን ነበር የማጣብቀው! ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሞክረው ሩብ ሰዓት በቂ ሆነ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ የዚያን እጥፍ ጠበቅኩ። ጤዛ ያለበት ጠዋት ጭራሽ አይሞከርም። ከገጠምኩ በኋላ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ጭኜበት አደረ።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው የአክስቴ የስፌት ወስፌ ነው። ጠርዞቹ ሲገናኙ ጥቂት ጸጉር ከሥር ይቀበራል። አንድ በአንድ በወስፌ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ በሚዶ አበጥረዋለሁ። ለአንድ መጣፊያ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መስመሩን የሚያጠፋው ግን ይሄ ነው፣ ማንም «ትርፍ ሥራ ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

ሱፐር ግሉን አልወደውም፤ ደርቆ ሲረገጥ ይሰነጠቃል። የተኛን ሳር በካውያ ማንሳትንም እቃወማለሁ። ፀሐይ ሲሞቅ በጠንካራ መጥረጊያ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ጥረጉት፣ ይነሳል።

እህቴ ቤት ፍም ሳይኖር ሳሩ በመስመር ቀልጦ ነበር። ምክንያቱ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው መስኮት ነው፤ የከሰዓት ፀሐይን ሰብስቦ እዚያ ላይ ይጥለዋል። መስኮቱን ሳንሸፍን ብጥፈው ኖሮ እንደገና ይቀልጥ ነበር። አክስቴም አሁን ምድጃዋን ሰፊ የብረት ትሪ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ቄጠማ መጎዝጎዟን ግን አልተወችም፣ ፕላስቲኩ ላይም ቢሆን። ስባሪው የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ማታ ማታ እኔ እጠርገዋለሁ።

ቧንቧው አጠገብ ያለው ቦታ አልተሳካልኝም። መሬቱ ስለሰመጠ ውሃ ይቋጥራል፣ መጣፊያውም ሁለት ጊዜ ተነሳ። ማስቲሽ ጨምሬ ለማለፍ ሞክሬ ነበር፣ ጥፋት ነበር። ዝናቡ ጨርሶ ሲያቆም አንስቼ ጠጠር እሞላበታለሁ፣ ረግጬ አስተካክለዋለሁ፤ ሳሩ ከዚያ በኋላ ይመለሳል። የሰመጠ መሬት ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ስንት ሴንቲ ሜትር ጠጠር እንደሞላችሁ ንገሩኝ።