ከጎባ ደሎ መና በሞተር ሳይክል

ባሌ ጎባ ያደርኩበት ክፍል ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ አልሞቀም። ጠዋት ሞተሩም እንደኔው ሆነ፤ ተነሳና ጥቁር ጭስ ተፍቶ ጠፋ። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚን ይበዛበታል። የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ባለቀዳዳ ትንሽ ናስ ሁለት ቁጥር በምታንስ ቀየርኩ፣ የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረግኩ። አዲስ አበባ ተቀምጬ በግማሽ ሰዓት የምጨርሰውን እዚያ በደነዘዘ ጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ሞተሬ ሱዙኪ ዲአር 650 ነው። ከመነሳቴ በፊት ሰንሰለቱን የሚያዞረውን የፊት ፒኞን ከ15 ጥርስ ወደ 14 አውርጄዋለሁ። ከኋላው 42 ጥርስ ጋር 2.8 የነበረው ምጣኔ 3.0 ይሆናል፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሳያቃጥሉ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ለመውጣት ይበቃል። ሰው ብሩን ጭስ ማውጫ ላይ ያፈሳል፤ ይሄ ግን በጥቂት ብር ብዙ ይለውጣል። ሻንጣ ስለጫንኩ የኋላውን ሞላም አጥብቄዋለሁ፦ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ከኋላ አክሰሉ እስከ መቀመጫው ሥር ትለካለህ፣ መሬት አስነክተህ ከነጭነቱ ተቀምጠህበት ትደግማለህ። ልዩነቱ ሞላው ከሚጫወትበት ርቀት ሲሶ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ የፊቱ ጎማ ይቀልና አሸዋና ጭቃ ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል።

የሳነቴን አምባ ሳልቆም አለፍኩት፦ ጅብራ፣ ጉም፣ ከሩቅ አንድ ቀይ ቀበሮ።

ሥራው ያለው ቁልቁል ወደ ሀረና ደን ሲገባ ነው። ዘንቦ ስለነበር ጎማዎቹን ከ1.9 ባር ወደ 1.2 አስተነፈስኳቸው። የረገበ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ግን ቸርኬው ላይ መንሸራተት ይጀምርና ካላማዳሪውን ይዞ ይዞራል፤ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ጎማውን ከቸርኬው ጋር ቆልፎ የሚይዝ ብሎን ያላስገባ ሰው እዚህ ድረስ ባያወርደው ይሻላል። የቫልቩን ዳዶም ቸርኬው ላይ አታጥብቀው፤ ቫልቩ ሲያጋድል ካየህ ጎማው መዞር መጀመሩን ያስጠነቅቅሃል።

ሪራ ሳልደርስ ስለታም ድንጋይ የኋላውን ጎማ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሰነጠቀው። ካላማዳሪውን ለጠፍኩ። ስንጥቁ ግን ክፍት ከቀረ ካላማዳሪው በዚያ በኩል ያብጥና ይፈነዳል። በመንገዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ቆይ ልጄ» ብለው ሄዱ። ያለቀ በርባሶ ይዘው ተመለሱ። ከሶሉ መዳፍ የምታክል ቆርጬ፣ ጠርዟን በካራ አሳስቼ ከውስጥ ደገፍኩበት። ብር ስሰጣቸው ተቆጡኝ።

ደሎ መና ያለው ጎሚስታ አልተቆጣም። ያንኑ ካላማዳሪ እንደገና በወጉ ለመለጠፍ 500 ብር አለኝ፤ ሰፈሬ ያለው በ150 ይሠራል። ተጨቃጭቄ 400 ከፈልኩ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ቆላው ሙቀት ውስጥ ናሷን ወደ ቀድሞው ቁጥር መለስኩ፤ የደጋውን ቀጭን ድብልቅ ይዞ ቆላ ላይ ረጅም ጋዝ መስጠት ፒስተን ያቃጥላል። ቤንዚኑ የሚሸጠው በሃይላንድ ነበር፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ቀዳሁ። በማግስቱ የካርቡሬተሩን የታች ብሎን ሳላላው እንዲያም ሆኖ ውሃ ወረደ።

በርባሶዋ ጎማው ውስጥ እንዳለች አዲስ አበባ ገባች።