የክርስትና ስም

ዛሬ 12 ነው፣ የሚካኤል ጽዋ። እናቴ ከማኅበር ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ዳቦ ቆረሰችልኝና "ቅመስ፣ የመልአኩ ነው" አለችኝ። ይህን ዳቦ በቀመስኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ነገር አለ። እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም።

እኛ የወልድያ ሰዎች ነን። ከጦርነቱ በፊት መቀሌ ለእኛ ሩቅ አገር አልነበረችም። ነጋዴው ይመላለሳል፣ ሰው ይጋባል፣ ለቅሶም ሰርግም እዚያና እዚህ ነው። እናቴ መቀሌ አበልጅ አለቻት። ባሏ በሥራ ተዛውሮ እኛ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ ሴት ልጅ ወለደች፣ እናቴም በ80 ቀኗ ክርስትና አነሳቻት። አበልጅነት እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም። ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል የሚሉም አሉ። ወደ መቀሌ ከተመለሱ በኋላም በየበዓሉ ስልክ አይቀርም ነበር።

ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩ ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛው ደጅ ደረሰ። የትግራይ ኃይሎች ወልድያን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆዩ። ስለእነዚያ ወራት ብዙ መጻፍ አልፈልግም። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በቆቦ መስመር እንደወጣ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። ፍትሐቱ በስሙ ብቻ ተደረገ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድንኳን ተክለው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እናቴ የአበልጇን ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የነበረው የክርስትናው ፎቶም ወረደ። ማን እንዳወረደው አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላን ወደ መቀሌ መብረር ጀመረ፣ ስልክም ተከፈተ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ሰው ደህንነት በስልክ ማጠያየቅ ያዘ። እናቴ አልደወለችም።

የነፍስ አባታችን ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም እንደገባ ቤት መጥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ እናቴ ለፋሲካ መቁረብ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ቡናው ተቀድቷል። ስኒውን ሳያነሱ "አበልጅሽ ደህና ናት?" አሏት።

ዝም አለች።

"ደወልሽላት?"

"አባ፣ ወንድሜን እኮ ነው የበሉብኝ።"

"እሷ ናት የበላችብሽ?"

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም በልቤ ተናደድኩባቸው። ሐዘኗ ገና ሳይደርቅ ምን ነካቸው አልኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ አላባበሉም። መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቅ የሚለውን ቃል አስታወሷት። ቀጥለው "ይቅር በይ አላልኩሽም። ደውይ ነው ያልኩሽ" አሉና ቡናቸውን ጠጥተው ወጡ።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስልኳን ሰጠችኝና "ያንን ቁጥር ፈልግልኝ" አለችኝ። ደወልኩላት። ከወዲያ "አበልጄ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሁለቱም ማውራት አቃታቸው። እንዲሁ ሲላቀሱ ካርዱ አለቀ። ሱቅ ሮጬ ካርድ ገዝቼ ሞላሁ። በሁለተኛው ጥሪ ነው መነጋገር የቻሉት። የክርስትና ልጇ አድጋለች፣ ደህና ናት። ታላቅ ወንድሟ ግን በ2013 እንደወጣ አልተመለሰም፣ የት እንዳለ የሚናገርም የለም። እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ "እሷም እንደኔው ናት" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ማታ ፎቶው ቦታው ላይ ተመልሶ ተሰቅሎ አየሁት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ስለ ላይኛው ቤት፣ ስለ ሲኖዶሱ፣ አለማንሳት አልችልም፣ ያመኛልና። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው የትግራይ ተወላጅ ናቸው። በ2013 በትግራይ የሚፈጸመውን ግፍ አውግዘው በቪዲዮ ተናግረው ነበር። ሲኖዶሱ ግን እንደ ሲኖዶስ ዝም አለ። የትግራይ አባቶች ከመንበሩ ተለዩ። በ2015 ሲኖዶሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሐምሌ ላይ ፓትርያርኩም ልዑካን ይዘው መቀሌ ድረስ ሄዱ፣ እዚያ ያሉት አባቶች ግን አልተቀበሏቸውም። በዚያው ወር አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ። ዜናውን ከእናቴ ጋር ሆነን ነው ያየነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አይታ "ዘግይተው ደወሉ" አለች።

ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ይቅርታው መጠየቁ ትክክል ነው፣ የጠየቁትንም አከብራለሁ። ግን ልጁ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ሁለት ዓመት ለኖረች እናት ያ ዝምታ ምን እንደሚመስላት አሁን ከቅርብ አይቻለሁ። ከዝምታውም የከፋ ነበር። በዐውደ ምሕረት ቆመው ጦርነቱን ያሟሟቁ ሰዎች በዚህም በዚያም ነበሩ። ያኔ እኔም ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አጎቴ ከመሄዱ በፊት ማለቴ ነው።

የፈረሰ ጤና ጣቢያ መንግሥትም ድርጅትም ይሠራዋል፣ ሲዘገይም ይሠራል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ሚያዝያ 2016 ጸድቋል፣ በሥራ ላይ ውሎ ማየት እፈልጋለሁ፣ የበደለ ሰው መጠየቅ አለበትና። ግን እናቴ ቤት ገብቶ፣ ቡናዋ ፊት ተቀምጦ፣ "ደወልሽላት?" ብሎ የመጠየቅ መብት ያለው ማነው? የቀበሌ ሊቀመንበር ቢጠይቃት ከቤት ታስወጣዋለች። እኔ ልጇም አልደፈርኩም። ያቺን ጥያቄ ለመጠየቅ ሰውየው 30 ዓመት ሙሉ ኃጢአቷን ሲሰማ፣ ልጆቿን ሲያጠምቅ፣ ሙታኗን ሲፈታ መኖር ነበረበት። ቤተ ክርስቲያን በየመንደሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሏት። በጦርነቱ ጊዜም ነበሯት። ያኔ ለምን እንዳልጠየቁ፣ ወይም የጠየቁት ለምን እንዳልተሰሙ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጥቅምት 2016 በመላው ትግራይ ለተሰዉት ቤተሰቦች መርዶ ተነገረ፣ የ3 ቀን ሐዘንም ታወጀ። በዚያ ሰሞን አበልጇ ደወለች። ልጇ ሞቷል። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ወገቧን አስራ አለቀሰች፣ ጎረቤት መጥቶ "ማን ሞተ?" ሲል "ልጄ" አለች። ማን እንደሆነ የገባቸው ቆይቶ ነው። የተነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ 40ውን ስትቆጥር ኅዳር ሚካኤል ላይ ዋለ። የዚያን ለት ጠዋት ለአጎቴም ለልጁም ጸሎተ ፍትሐት ይደረግ አለች። ስማቸውን በወረቀት ጻፍልኝ አለችኝ። በደብተር ቅዳጅ ላይ ሁለቱን የክርስትና ስሞች አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፍኩ። የልጁን በስልክ ጠይቃ ነው ያገኘችው። አንዱ "ገብረ" ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው "ወልደ"። ቄሱ ወረቀቱን ከመነጽራቸው አርቀው ያዙና "ነፍሰ ገብርከ" እያሉ ሁለቱንም ጠሩ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሞተን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ብቻ ነው። የአባት ስም አይባልም፣ ከየት እንደመጣ አይባልም፣ በየትኛው ወገን ተሰልፎ እንደነበር አይባልም። ከአጠገቤ የቆሙት አዛውንት የትኛው ስም የእኛ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ሁለቱ በአንድ ግንባር ፊት ለፊት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ያንን ሳስብ ጉልበቴ ከዳኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ይዤ ቆምኩ።

ረቡዕ ስለነበር ጽዋው የጾም ነበር። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ጠላ። ቄሱ ዳቦውን ሲባርኩ እናቴ አንድ ቁራሽ ለየት አድርጋ በወረቀት ጠቀለለች። መቀሌ ለሚሄድ ሰው አገኘች መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ አላየሁትም።

በእኛ ክልል ግን ከ2015 ክረምት ወዲህ ሌላ ጦርነት አለ። "ከጦርነቱ በኋላ" ብዬ መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ እጄ የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ያ ወረቀት እስካሁን እናቴ ጋ ነው፣ ዳዊቷ ውስጥ። ዛሬ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት አውጥታ "ጨምርልኝ" አለችኝ። ጨመርኩላት። አሁን አምስት ስም አለበት።