ወረ ቶዮታ

አያቴ ከሰው ሲተዋወቁ የሚቀድመው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ቅዳሜ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ የደሴው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ ያችኑ ጥያቄ መኪናው ላይ አመጧት። የኋላ በሩን ጽሑፍ በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቶዮታ ነው አባባ።»

«የማን ልጅ?»

ረዳቱ ሳቀ። እኔ ግን ይህን አንብቤው ስለነበር ተደሰትኩ። የቤተሰቡ ስም ቶዮዳ ነው፤ በ«ዳ»። ኩባንያው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ግን በ«ታ» ሆነ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስላለው፣ ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ ገድ ያለው ቁጥር ስለሆነ። ቤተሰቡ በ«ዳ»ው ቀጥሏል። በ1959 ደግሞ ፋብሪካው ያለበት ኮሮሞ የሚባለው ከተማ የድሮ ስሙን ትቶ ቶዮታ ተባለ።

«እንዲያ ከሆነማ ወረ ቶዮታ በለኛ!»

ፈዝዤ ቀረሁ። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ ስንል ነው ያደግነው። ኦሮምኛ ነው፤ «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ስንት ጊዜ ወረ ባቦ ሄጃለሁ፣ አንድም ቀን የሰው ስም እየጠራሁ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አያቴን የገዛቸው ግን የከተማው ነገር አልነበረም። የቤቱ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ፣ በ1867 የተወለደው፣ መኪና ሠሪ አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው የሽመና ማሽን ሲያሻሽል ነው። መኪናው የልጁ የኪኢቺሮ ነገር ነው። አያቴ ደግሞ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው፣ መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩ ሸማኔ ናቸው።

«በ1924 ያወጣው ማሽን ድር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል» አልኳቸው።

«ማን ነግሮት?»

ማሽኑ ራሱ እንደሚያውቅ ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ሁለት ጣታቸውን አየር ላይ አገናኝተው የማይታይ ክር እየቋጠሩ ነበር። ጣቶቹ አሁን ይንቀጠቀጣሉ፣ ቋጠሮውን ግን አልረሱም። «እኔማ ሳላይ አራት ጣት ሸምኜ፣ መልሼ የፈታሁበት ቀን አለ» አሉ። ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

ረዳቱ «ሞላ፣ ግቡ!» አለ። ክንዳቸውን ስይዛቸው «አብሽር፣ እችላለሁ» ብለው ለቀቁኝ። ከመግባታቸው በፊት የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«የሸማኔ ልጅ ነህና!»